ኮንትሮለር መቀየር ያፈጥናል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

የቴክኒክ ትምህርት ዝግጅታችን ዛሬ ስለ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ነው። ባለቤቶቹ ይዋል ይደር እንጂ የሚያነሷት አንድ ጥያቄ አለች፦ «ኮንትሮለሩን በትልቅ ብቀይረው ስንት ትሮጥልኛለች?»

አጭሩ መልስ «ምናልባት አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አትጨምርም» የሚል ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን የሚሰማው ገንዘቡን ካወጣ በኋላ ነው። 40 አምፔር የሚል ኮንትሮለር ይገዛል፣ ያስገጥማል፣ ብስክሌቷም ከቆመችበት ስትነሳ ትፈናጠራለች። ሜዳው ላይ ግን ማሳያው ያንኑ የድሮውን ቁጥር ይነግረዋል። ሻጩ አላታለለውም። የገዛው ጉልበት ነው፤ የፈለገው ፍጥነት ነበር። ሁለቱ የሚመጡት ደግሞ ከተለያየ ቦታ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ሳጥኑን እንክፈተው። ኮንትሮለር ማለት ያቺ ከወንበሩ ሥር ወይም ከባትሪው አጠገብ የምትቀመጥ፣ ከአንድ ወገኗ የሽቦ ጫካ የሚወጣላት የአሉሚኒየም ሳጥን ናት። ክዳኗ ሲነሳ በግድግዳዋ ላይ ተሰልፈው በብሎን የታሰሩ ጥቋቁር ትራንዚስተሮች ታያላችሁ፤ 6፣ 9፣ 12 ወይም 18 ይሆናሉ። አጠገባቸው ቆመው የምታዩአቸው ክብ ነገሮች ካፓሲተሮች ናቸው፤ ጎናቸው ላይ የተጻፈውን አንብቡት። በ48 ቮልት ኮንትሮለር ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት 63 ቮልት የሚል ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልገዋለን።

ሥራዋ ምንድን ነው? ባትሪው አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው ኤሌክትሪክ ነው የሚሰጠው። ሞተሩ ደግሞ ሦስት ወፍራም ሽቦዎች አሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ናቸው። ኮንትሮለሩ እነዚህን ሦስቱን በየተራ እየከፈተና እየዘጋ በውስጥ ያለው ኮይል ማግኔቱን እንዲጎትት ያደርጋል። ማግኔቱ የት እንደደረሰ የሚነግሩት ሆል ሴንሰር የሚባሉ ሦስት ትንንሽ ጠቋሚዎች ናቸው፤ እነሱም በአምስት ቀጫጭን ሽቦዎች ይመጣሉ። ጋዙን ስትሰጡ ኮንትሮለሩ በሩን ረዘም ላለ ጊዜ ይከፍታል፤ ስትለቁ ያሳጥራል። እንግዲህ ኮንትሮለሩ የበር ዘበኛ ነው፤ እንግዳ ያስገባል እንጂ እንግዳ አይወልድም።

ታዲያ ፍጥነቱ የሚያልቀው የት ላይ ነው? ሞተር ሲሽከረከር እግረ መንገዱን ጄኔሬተርም ነው። በፈጠነ ቁጥር በራሱ ኮይል ውስጥ ቮልት ያመነጫል፤ ያም ቮልት ከባትሪው ከሚመጣው ጋር ፊት ለፊት ይገፋፋል። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ አዲስ ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሩ የሚገባበት ምክንያት የለም። በሩን እስከ መጨረሻው ብትከፍቱት፣ ዘበኛውን በአሥር ዘበኛ ብትተኩት የሚገባ የለም። የሞተሩ ጣሪያ ይኸው ነው፤ ጣሪያውን የሚያነሳው ደግሞ ቮልት ነው። አምፔር የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፦ የመግፋት ጉልበት፣ ዳገት፣ ከቆመ መነሳት።

እዚህ ላይ ስለ አንድ የጥንት ሰው ላንሳ። ኦግደን ቦልተን የተባለ የኦሃዮ ሰው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 1895 በአሜሪካ ለኤሌክትሪክ ብስክሌት የፈጠራ መብት ተሰጥቶታል። ሞተሩ የኋላ ጎማ መሀል ላይ ነው፤ ዛሬ በየመንገዱ እንደምናያቸው። ባትሪው 10 ቮልት፣ የሚሳበው ኤሌክትሪክ ግን እስከ 100 አምፔር። ሁለቱን አባዙት፣ 1,000 ዋት ይወጣል፤ የዛሬ ጎረምሳ ብስክሌት የሚመካበት ቁጥር ነው። ያንኑ 1,000 ዋት የዛሬዋ ብስክሌት ከ48 ቮልት ባትሪ በ21 አምፔር ግድም ታገኘዋለች። ሽቦዋ የቀጠነው፣ ሙቀቷ የቀነሰውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ፤ ወረቀት ያላችሁ ያዙ። እያንዳንዱ ሞተር ሲጠቀለል በአንድ ቮልት ስንት ዙር እንደሚዞር ይወሰናል። የእኛው ምሳሌ በአንድ ቮልት በደቂቃ 8 ዙር የሚዞር ይሁን። በ48 ቮልት በደቂቃ 384 ዙር ማለት ነው። ባለ 26 ኢንች ጎማ አንድ ዙር ሲዞር 2 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። 384ን በ2.07፣ ከዚያ በ60 ደቂቃ ብታባዙት በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል። ይህ ግን ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ሰው ተቀምጦ፣ ንፋስ ፊት እየመታው አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል እንበል፤ 38 ይሆናል። ያንኑ ሞተር በ60 ቮልት ብታዞሩት አየር ላይ 60 ግድም፣ መንገድ ላይ 48 ይደርሳል፤ ጉልበቱ ከበቃው።

«ከበቃው» ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ንፋሱን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ባሕር ዳርቻ ላይ በ25 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ለንፋስ ብቻ የሚከፍለው 120 ዋት አካባቢ ነው። በ50 ሲሄድ ወደ 1,000 ዋት ይጠጋል። አዲስ አበባ ላይ ያላችሁ ትንሽ ዕድለኞች ናችሁ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ በ50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያው ኃይል 3 ወይም 4 ኪሎ ሜትር ሊያተርፍላችሁ ይችላል። ግን አትደሰቱ፤ የሳሳ አየር ሞተር ማቀዝቀዝ ላይም ሰነፍ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ይህንን ሂሳብ በሞተሩ ሽታ ያውቀዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት የምትሠሩት ፍተሻ አለ፤ ወጪው ዜሮ ነው። የኋላ ጎማውን ከመሬት አንሱ፣ ጋዙን እስከ መጨረሻው ስጡ፣ ማሳያው ላይ የሚወጣውን ፍጥነት መዝግቡ። አንዴ ባትሪው ሙሉ ሳለ፣ አንዴ ሊያልቅ ሲል አድርጉት። ከዚያ በሜዳ መንገድ ላይ የምትደርሱበትን ከፍተኛ ፍጥነት መዝግቡ።

አየር ላይ ያለው ቁጥር ባትሪው ሙሉም ሆነ ጎዶሎ ሁልጊዜ 25 ወይም 32 ላይ ልክ ተቸንክሮ የሚቆም ከሆነ ያቆመው ሞተሩ ሳይሆን ትእዛዝ ነው። ገደቡን ወይ ማሳያው ወይ ኮንትሮለሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም አስቀምጦታል። ብዙ የቻይና ማሳያዎች የፍጥነት ገደብ የሚሞላበት መስመር አላቸው። ቁጥሩ ባትሪው በደከመ መጠን አብሮ የሚወርድ ከሆነ ግን ያያችሁት የቮልቱን ጣሪያ ነው።

ቀጥሎ አየር ላይ ያለውን ከመንገዱ ጋር አስተያዩ። አየር ላይ 48፣ መንገድ ላይ 39 ከሆነ ሞተሩ ከጣሪያው ተጠግቷል፤ አምፔር መጨመር ብክነት ነው። አየር ላይ 48 እያለ መንገድ ላይ 29 ብቻ ከሆነ ግን ብስክሌቷ ያጣችው ጉልበት ነው። አምፔሩ ከፍ ያለ ኮንትሮለር በእውነት የሚያፈጥነው ይህችኛዋን ብቻ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ይህን ፍተሻ ሳያደርግ ኮንትሮለር የሚሸጥ ሰው ዘንድ አልሄድም።

ስለ ገደቡ ሕጉን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ በውጭ አገር የምታዳምጡንን በቀጥታ ይመለከታልና። በአውሮፓ ኅብረትም በእስራኤልም ብስክሌት ተብሎ የሚታለፈው ሞተሩ ከ250 ዋት የማይበልጥና በ25 ኪሎ ሜትር ላይ እገዛውን የሚያቆም ነው። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች በ32 ኪሎ ሜትር ያቆማል፤ ፔዳል ሲመታ ብቻ የሚያግዘው ዓይነት ደግሞ እስከ 45 ይፈቀድለታል። ያንን ገደብ ያነሳ ሰው የያዘው በሕግ ዓይን ብስክሌት መሆኑ ይቀራል፤ ሰሌዳ፣ መንጃ ፈቃድና ኢንሹራንስ የሚጠየቅበት ሞተር ይሆናል። አደጋ ሲደርስ ደግሞ የመድን ኩባንያው መጀመሪያ የሚያየው ይህንኑ ነው። በግል ግቢ ወይም በመወዳደሪያ ሜዳ የምትነዱ ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ፍተሻው «ጣሪያው ቮልቱ ነው» ብሏችኋል እንበል። 48 ቮልት የሚባለው የሊቲየም ባትሪ ብዙ ጊዜ 13 ሴል በተከታታይ የተያያዘበት ነው፤ ሲሞላ 54.6 ቮልት ይደርሳል። 60 ቮልት የሚባለው ብዙ ጊዜ 16 ሴል ነው፤ ሲሞላ 67.2 ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ቁጥር አሁን ይምጣ፦ 63። ባለ 63 ቮልት ካፓሲተር ላይ 67 ቮልት መስደድ ማለት የሚፈነዳበትን ቀን መጠበቅ ነው፤ አንዳንዴ ቀኑ ያው የገጠማችሁበት ቀን ነው። 72 ቮልት የሚባለው 20 ሴል፣ ሲሞላ 84 ይሆናል፤ ካፓሲተሩም ትራንዚስተሩም 100 ቮልት የሚችል መሆን አለበት። እንግዲህ ቮልት ሲጨምር ኮንትሮለር የሚቀየረው ፍጥነት ስለሚወልድ ሳይሆን አዲሱን ቮልት እንዲሸከም ነው። ከባትሪው ጋር ቻርጀሩም ይቀየራል። ለ84 ቮልት የተሠራ ቻርጀር በስህተት ባለ 13 ሴል ባትሪ ላይ ከተሰካ ቤት ሊያቃጥል ይችላል፤ ሁለቱን ቻርጀሮች አንድ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡ።

ሳይነሳ የማያልፈው ሌላው ነገር እስታኞ ነው። ኮንትሮለሩ ውስጥ ሻንት የሚባል ወፍራም፣ እንደ ድልድይ የታጠፈ ሽቦ አለ፤ ኮንትሮለሩ ስንት አምፔር እንደሚያልፍ የሚያነበው እሱ ላይ ነው። አንዳንድ ልጆች እዚያ ላይ እስታኞ ያፈሱበታል። ሽቦው ሲወፍር ንባቡ ያንሳል፤ 30 አምፔር እያለፈ ኮንትሮለሩ 20 ነው ብሎ ያምናል። ብስክሌቷ ትፈናጠራለች፣ ልጁ ይደሰታል። የሞተሩ የፍጥነት ጣሪያ ላይ ግን የጨመረ ነገር የለም፤ ይልቅ መከላከያውን ዕውር አድርጎታል። ትራንዚስተር ሲቃጠል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተከፍቶ አይቀርም፣ ተጣብቆ ነው የሚቀረው። የሞተሩ ሦስት ሽቦዎች እርስ በርስ ስለሚገናኙ ጎማው እንደ ፍሬን ይይዛል። ምልክቱን ማወቅ ቀላል ነው፤ ባትሪውን ንቀሉና ጎማውን በእጅ አዙሩ። እየተንገጫገጨ እምቢ ካለ ሦስቱን ወፍራም ሽቦዎች ከኮንትሮለሩ ለዩአቸው። ያኔ ቀለል ብሎ ከዞረ ጥፋቱ ኮንትሮለሩ ውስጥ ነው።

ቮልት ሳይጨምር ፍጥነት የሚጨምር ኮንትሮለር የለም ወይ? አለ። ፊልድ ዊክኒንግ የሚባል ሥራ የሚሠሩ፣ በኮምፒዩተር ወይም በስልክ የሚስተካከሉ ኮንትሮለሮች አሉ። የኤሌክትሪኩን ሰዓት ቀደም አድርገው በመላክ የማግኔቱን ኃይል በከፊል ያዳክማሉ፤ ማግኔቱ ሲዳከም ሞተሩ መልሶ የሚገፋው ቮልት ያንሳልና ጣሪያው ከፍ ይላል። ለአጭር ጊዜ ደርቦ ለማለፍ ጥሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ለመጠቀም ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው፤ ማግኔቱን ለማዳከም ብቻ የሚፈሰው አምፔር ሙሉ በሙሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ከዚህ የባሰም አለ። ከጣሪያው በላይ እየሮጣችሁ ኮንትሮለሩ ድንገት ቢጠፋ ሞተሩ ያመነጨው ቮልት ከባትሪው በልጦ ይገኛል፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የኋላ ጎማውም ሳታስቡት ይያዛል። ስለዚህ የፊልድ ዊክኒንጉን ቁጥር ስትሞሉ ከዝቅተኛው ጀምሩ።

ወደ መግጠሙ እንምጣ። ባትሪው ከተነቀለ በኋላም የድሮው ኮንትሮለር ካፓሲተሮች ቮልት ይዘው ይቆያሉ፤ በቴስተር ለክታችሁ ወደ ዜሮ መውረዱን እዩ። አዲሱን ስታገናኙ የሽቦዎቹን ቀለም አትመኑ። የአንዱ ፋብሪካ ቢጫ የሌላው ሰማያዊ ሊሆን ይችላል። የሆል ሴንሰሮቹን ሽቦዎች እንደመጡ ትታችሁ ሦስቱን ወፍራሞች ብታቀያይሩ ስድስት አሰላለፍ አለ፤ ሳያንገራግር የሚሄደው አንዱ ብቻ ነው። የተሳሳተው ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ጎማው ባዶ እየዞረ እንኳ ብዙ አምፔር ይበላል። ልክ የሆነው ዝም ብሎ ይሽከረከራል፣ የሚስበውም ከአንድ ሁለት አምፔር አያልፍም። ለስላሳ ሆኖ ወደ ኋላ ቢዞርስ? ከሆል ሽቦዎቹ ሁለቱን አቀያይሩና የወፍራሞቹን ፍለጋ እንደገና ጀምሩ። ብዙ አዳዲስ ኮንትሮለሮች አሰላለፉን ራሳቸው እንዲያገኙ የምታገናኙት ጥንድ ሽቦ አላቸው፤ ካለላችሁ ተገላገላችሁ። ይህ ሁሉ የሚሞከረው ጎማው ከመሬት ተነስቶ፣ ጋዙም በጣቱ ጫፍ ተነክቶ ነው።

ባትሪውን ስትሰኩ ጫፉ ላይ ቷ የሚል ብልጭታ ካያችሁ ባዶው ካፓሲተር በአንድ ጊዜ ሲሞላ ነው። ቮልቱ ከፍ ባለ ቁጥር ብልጭታውም ይብሳል፤ መሰኪያውንም ቀስ በቀስ ይበላዋል። ውስጡ ትንሽ ሬዚስተር ያለው፣ ብልጭታን የሚያስቀር መሰኪያ ይሸጣል፤ እሱን ግዙ። የፍሬን እጀታ ሲያዝ ሞተሩን የሚያቋርጠውን ሽቦ ደግሞ «ያለሱም ይሄዳል» ብላችሁ አትተዉት።

ሞተሩ መሀል ያለው ፐርኖ ሁለት ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፤ ጎማው ወደፊት ሲገፋ ፐርኖው ወደ ኋላ ሊዞር ይታገላል፤ የያዘው የፍሬሙ ሹካ ብቻ ነው። ጉልበቱ ሲጨምር፣ በተለይ የአሉሚኒየም ፍሬም ላይ፣ ቀዳዳውን አስፍቶ ይወጣና ሽቦዎቹን ጠምዝዞ ይቆርጣቸዋል። ፐርኖውን ከፍሬሙ ጋር የሚያስር ተጨማሪ የብረት ክንድ መግጠም የዚህ ሁሉ ሥራ ርካሹ ክፍል ነው። በአንድ በኩል ብቻ ሳይሆን በሁለቱም በኩል ቢሆን እመርጣለሁ።

ባትሪው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚያልፈው እሱን ነውና። ባለ 13 ሴል ባትሪ በእያንዳንዱ ረድፍ አራት ሴል ጎን ለጎን ካለው፣ 40 አምፔር ሲሳብ እያንዳንዷ ሴል 10 አምፔር ትሰጣለች። ለረጅም መንገድ ተብለው የተሠሩ ብዙ ሴሎች ከ5 አምፔር በላይ ሲጠየቁ ይግላሉ፣ ዕድሜያቸውም ያጥራል። ደግሞም ሁሉም ባትሪ የውስጥ ተቃውሞ አለው። 0.15 ኦም ነው ብንል፣ 40 አምፔር ስትስቡበት 6 ቮልት እዚያው ይጠፋል። በእኛ ሞተር 6 ቮልት ማለት በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ነው። አምፔር ጨምሮ ፍጥነት የቀነሰበት ሰው ቢያጋጥማችሁ አትገረሙ።

የባትሪ እሳት ቀልድ አይደለም። በኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከሊቲየም ባትሪ የተነሱ 268 ቃጠሎዎች ተመዝግበው 18 ሰዎች ሞተዋል። ከተማዋ በዚያው ዓመት የታወቀ የደኅንነት ፈተና ያላለፈ ብስክሌትና ባትሪ እንዳይሸጥ ከልክላለች። በባትሪው ውስጥ ያለውን የመከላከያ ሰሌዳ «አምፔር እየቆረጠብኝ ነው» ብሎ በሽቦ የሚያልፍ ሰው አለ። እንዲህ ያለ ባትሪ በነፃ ቢሰጡኝ ቤቴ አላስገባም።

ፍሬን ላይ ረጅም አልናገርም። ከ25 ወደ 50 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ፍሬኑን ከያዛችሁ በኋላ እስክትቆሙ የምትሄዱት ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በጎማ ቸርኬ ላይ የሚነክስ የላስቲክ ፍሬን ይዛችሁ 50 አትሂዱ።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያው ጉዞ አጭር ይሁን። ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ሂዱና ቁሙ፣ ባትሪውን ንቀሉ። የሞተሩን ሆድ፣ የኮንትሮለሩን ሳጥን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የወፍራሞቹን ሽቦዎች መገናኛ በእጃችሁ ጀርባ ቀስ ብላችሁ ዳስሱ። የጋለ መገናኛ የላላ ነው፤ ቆርጣችሁ እንደገና ሥሩት። እጅ የማይችለው ሞተር ካገኛችሁ የአምፔሩን ቁጥር ዝቅ አድርጉ፤ ሙቀት የሚጨምረው በአምፔሩ ስኩዌር ነው፣ ከ40 ወደ 30 ማውረድ ብቻ ሙቀቱን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። ወደ ሞተሩ የሚገቡት ሽቦዎች ፐርኖው አፍ ላይ ልባሳቸው እንዳልተፋቀም እዩ።

የሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅታችን ስለ ቻርጀር ነው፤ ቴስተር ያላችሁ አጠገባችሁ አድርጉት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)